የበረዶ ተራራው ኢፍጣር

ባለቤቴ ያንን ተጎታች ቤት አትላንታ አጠገብ፣ ስኔልቪል ያለው ቤታችን በር ላይ አምጥቶ ያቆመ ቀን እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። የአገር ቤት የእህል ጎተራ ጎማ አውጥቶ የመጣ ነው የመሰለኝ። ግራጫ ነው፤ ጎኑ ተላልጧል፤ ከኋላው ወደ ጣሪያው የምታወጣ ቀጭን የብረት መሰላል ተለጥፋበታለች። ባለቤቴ ከቫኑ ዘሎ ወርዶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልኩት።

«ካምፐር ነው። መጀመሪያ ውስጡን እይው፣ ከዚያ ትጮሂያለሽ።»

ውስጡን አየሁት፣ ከዚያ ጮህኩ።

ነገሩ የጀመረው ከሥራው ነው። ባለቤቴ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ትልቅ ቫን ይነዳ ነበር። አንድ ጥር ላይ የኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጭኖ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተራራ ለስኪ ወሰዳቸው። ሌላ ሹፌር ቢሆን ሂተሩን ከፍቶ ቫኑ ውስጥ ይተኛል። እሱ ግን አስተማሪያቸው «ና ሞክር» ሲለው እሺ ብሎ ወጣ። መርካቶ ተወልዶ ያደገ፣ ከበረዶ ጋር ያለው ትውውቅ ከፍሪጅ ያላለፈ ሰው! ማታ ሲመለስ ያነክሳል፣ ክርኑ ተልጧል፤ ፊቱ ግን የሙሽራ ፊት ነው። «ፎል አደረግኩ፣ ተነሣሁ፣ ደግሞ ፎል አደረግኩ» እያለ ሳሎናችን መሐል በካልሲው እየተንሸራተተ አሳየን። ልጆቹ አበዱ። እኔ ደግሞ እግሩን ካልሰበረ አይተወውም ብዬ ነበር። እግሩንም አልሰበረም፣ አልተወውምም።

ካምፐሩን የሸጠለት ጉልበቱ እምቢ ያለው አንድ ሽማግሌ ደንበኛው ነው። ከዚያ በኋላ የብርዱ ወራት ሲመጡ ልጆቹ ትምህርት ከሌላቸው፣ እሱም የሥራ ተራው ካልሆነ፣ ዓርብ ከሰዓት ካምፐሩን ቫኑ ላይ አስረን እንወጣለን። አራት ነን፦ እሱ፣ እኔ፣ ያኔ አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጃችንና ሰባት ዓመት የሆነው ወንድሟ። የስኔልቪል ወዳጆቻችን እንደታመመ ቤተሰብ ነበር የሚያዩን። «በገዛ እጃችሁ ወደ ብርድ?» ይሉናል። እኔ የደሴ ልጅ ስለሆንኩ ብርዱ ብዙም አልከበደኝም። ስኪውን ግን አንድ ጊዜ ሞክሬ በቂጤ ወርጄ ጨረስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ደግሞ አልጠየቀኝም።

እኔን ያሸነፈኝ ምድጃው ነው። ካምፐሩ ሁለት አፍ ያላት ትንሽ የጋዝ ምድጃ ነበረችው። ቤቴ ያለው ምድጃ አራት አፍ ነው፣ ባለ አራት አፍ ምድጃ ያላት ሴት ደግሞ አራት ዓይነት ምግብ ይጠበቅባታል። እንግዳው ሲመጣ ወጡ፣ አልጫው፣ ሰላጣው፣ ሳምቡሳው ሁሉ ካልተደረደረ የተናቀ ይመስለዋል። ሁለት አፍ ሲኖርሽ ግን ማን ምን ይልሻል? ካምፐሩ ውስጥ አንዷ ላይ ሾርባ፣ ሌላዋ ላይ መጥበሻ ጥጄ፣ ሦስተኛ ነገር የሚጠይቅ ካለ ውጭ በረዶ አለ ብዬ አሳየዋለሁ። ይህን ነፃነት ለጓደኞቼ አልነገርኩም፤ ብነግራቸው ሁሉም ካምፐር ይገዙ ነበር።

ዘዴዬ ቀላል ነው። ሐሙስ ማታ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ድስት ቁሌት እሠራለሁ፤ ሽንኩርቱ በበርበሬና በቅቤ በደንብ እስኪበስል። ሲቀዘቅዝ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጌ፣ ጠፍጣፋ አድርጌ፣ ፍሪዘር ውስጥ አስተኛዋለሁ። ቡፎርድ ሃይዌይ ካለው የሐበሻ ሱቅ የገዛሁትን እንጀራ ደግሞ ቀደም ብዬ አደርቀዋለሁ። ተራራው ላይ የሚቀረኝ አንዱን ከረጢት መጥበሻ ላይ መገልበጥ፣ ውሃ ጠብ ማድረግ፣ ድርቆሹን መሰባበርና ማማሰል ነው። እነሱ ያንን እንደ ብረት የከበደ የስኪ ቡት ፈተው ሳይጨርሱ ፍርፍሩ ደርሷል። በሁለተኛው ቀን በዚያው ቁሌት የቆርቆሮ ፉል፣ በሦስተኛው እንቁላል። አንዴ ከጎረቤት ካምፐር አንዲት አሜሪካዊት ሽታውን ተከትላ መጥታ በሩን አንኳኳች። ቀመሰች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ደግሞ እንድጨምርላት ሳህኗን ዘረጋች።

በዚያን ዘመን ረመዳን ብርዱ ወራት ላይ ይውል ነበር። ቀኑ አጭር ስለሆነ ለጿሚ ምቹ ነው። ልጄ በዚያ ዓመት ወሩን ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳታጎድል እፆማለሁ አለች። ማንም አላዘዛትም፤ በዕድሜዋም ገና ግዴታ የለባትም። ያለፈው ዓመት ጀምራ መሐሉ ላይ ትኩሳት ይዟት አባቷ በግድ አስፈትቷት ነበር፣ ያም እስከ ዓመቱ ከሆዷ አልወጣም። በዚህኛው ዓመት ምሳ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ተቀምጣ ታሳልፍ ነበር። እኔ ማታ ማታ ሳያት በጣም እኮራባታለሁ፤ አባቷ ግን የሚያየው ቅጥነቷን ብቻ ነው።

ረመዳን ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው የጥር ወር ረጅም ዊክኤንድ መጣ፤ ሰኞ ትምህርት የለም። ባለቤቴ ካምፐሩን ሲያስር ልጅቷን ጠርቶ ቁጭ አደረጋት።

«ስሚ የኔ እናት። መንገደኛ ማፍጠር ይፈቀድለታል። ተራራው ላይ ስኪ የምታደርጊ ከሆነ ትበያለሽ። በኋላ በሌላ ቀን ፆመሽ ቀዷ ታወጪያለሽ።»

«ኖ፣ አባዬ። ቀዷ ማውጣት ሴም አይደለም። ሙሉ ወር ነው ያልኩት።»

«እንግዲያው ስኪ የለም።»

«ሁለቱንም አደርጋለሁ፣ ላይክ፣ ቀስ ብዬ።»

በመጨረሻ እኔ ገብቼ አስታረቅኳቸው። ጠዋት ትተኛለች፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ ትወርዳለች፤ ካዞራት ወዲያው ትነግረናለች። አባቷ እሺ አለ፣ ነገር ግን ሌሊት፣ ሱሁር ስንበላ፣ ሁለት እንቁላል አብልቷት ሦስተኛውን ሲያስጠጋ ከእጁ ነጠቅኩት።

ቅዳሜ ውሎው በጣም ያማረ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ካምፐራችን ከጥድ ዛፎቹ ኋላ፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ቆሟል፤ ስኪ የሚደረግበት ተራራ በዛፎቹ ተከልሎ ከዚያ አይታይም። በምዕራብ በኩል አንድ ረጅም ሸንተረር አናታችን ላይ ቆሟል። ወደ ማታ ባለቤቴ ትንሹን ልጅ በጀርባው አዝሎ መጣ። እግሩ በርዶት ያለቅሳል።

«እሷስ?» አልኩት።

«አንድ የመጨረሻ ልውረድ ብላ ለምናኝ ነው። ስትወርድ ሊፍቱ ሥር ትጠብቀኛለች።»

ሊፍት የሚሉት በሽቦ የተንጠለጠለውን፣ ሰው እየጫነ ሽቅብ የሚያወጣውን ወንበር ነው። ልጄ ከአባቷ ይልቅ በደንብ ስለምትወርድ አልሰጋሁም። ተመልሼ ወደ ምድጃዬ ዞርኩ። አንዷ አፍ ላይ የአጃ ሾርባ እየተንተከተከ፣ ሌላዋ ላይ ቤት ጠቅልዬ ያመጣሁትን ሳምቡሳ እየጠበስኩ ነው። መስኮቱ በእንፋሎት ስለታፈነ ውጭው አይታየኝም። ብቻ ብርሃኑ ድንገት ሰማያዊ ሆነ፣ መብራት አበራሁ። ትንሽ ቆይቶ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ አዛን ማለት ጀመረ።

«ገና አይደለም እንዴ?» አልኩ። የሰላት ሰዓቱ ወረቀት ስኔልቪል ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል።

«ያ የአትላንታ ሰዓት ነው። እኛ ወደ ምሥራቅ ነው የመጣነው፣ እዚህ ቀድማ ትጠልቃለች። ደግሞ ራስሽ ወጥተሽ እዪ፣ ተራራው ሥር ገብታለች።»

ርቦኝ ስለነበር ክርክሩ ጥሩ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ያፈጠረው ከአንዋር መስጊድ ድምፅ እየሰማ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ተመልክቶ አያውቅም። በመርካቶ ቆርቆሮ መሐል ማን ፀሐይ ያያል? ተራራና ፀሐይ የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ እኔ ደግሞ ጭንቅላቴ ድስቱ ውስጥ ነው። ቢስሚላህ ብለን ተምር አፋችን ከተትን። ውሃ ጠጣን። እሱ ሁለተኛውን ተምር እያነሣ ሳለ ደነገጠ።

«ልጅቷ! ሳታፈጥር እዚያ ቆማ ትጠብቀኛለች!»

አንድ ተምር ኪሱ ከተተ፣ ሾርባውን በኩባያ ቀዳ፣ በዚያ በከባድ ቡቱ እየተንገዳገደ በዛፎቹ መሐል ሮጠ። ሾርባው ግማሹ በረዶው ላይ ቀረ። እኔ ምድጃውን አጥፍቼ፣ ልጁን ጃኬት አልብሼ ተከተልኩት፤ እሷ ስታፈጥር ማየት ፈልጌ ነበር።

ሊፍቱ ሥር ደረስን። ልጄ በቀይ ጃኬቷ ገና መውረዷ ነው፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። አባቷ ኩባያውን አፏ ላይ ሊያስጠጋ ሲል ወደ ኋላ ሸሸች።

«አባዬ፣ ገና ነው እኮ።»

«ጠልቃለች የኔ እናት። አዛን ብያለሁ፣ እኛም አፍጥረናል። በይ ጠጪ።»

«አልጠለቀችም! ላይ ሆኜ አሁን አይቻታለሁ። ዓይኔ ውስጥ ነበረች፣ ወላሂ።»

«የበረዶው ነጸብራቅ ነው።»

«አባዬ፣ ፀሐይ ናት። ፀሐይ ምን እንደምትመስል አውቃለሁ።»

እሱንም ቀኑን ሙሉ ሲያስጨንቀው የዋለው ነገር ገንፍሎ ወጣ። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ! መንገደኛ ነሽ! ከንፈርሽን እዪው፣ ተሰነጣጥቋል! ጠጪ አልኩሽ!»

ልጄ አለቀሰች። ፍጹም የማታለቅስ ልጅ ናት፣ ስትወድቅ እንኳ ጥርሷን ነክሳ ነው የምትነሣው። «ከጠጣሁ ይበላሽብኛል፣ አባዬ። ወሩ ሊያልቅ እኮ ነው። ፕሊስ። ከእኔ ጋር ውጣና እይ። ከሌለች እዚያው እጠጣለሁ።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። በአንድ በኩል ልጄ ደክማለች፣ ቶሎ እህል ውሃ እንድትቀምስ እፈልጋለሁ። በሌላ በኩል ይህን ቀን ብናጠፋባት በቃ፣ የዘንድሮውም እንደ አምናው ሆኖ በሆዷ ይቀራል።

«ውጣና እይላት» አልኩት።

ኩባያውን ሰጠኝ። ስኪው እዚያው ተደግፎ ስለነበር አጠለቀው፣ ሁለቱም ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ሽቅብ ሄዱ። እኔ ልጁን በእጄ ይዤ አንገቴን አቅንቼ ቀረሁ። ያለንበት ሥፍራ ሁሉ ጥላ ነው፤ በረዶውም፣ ሰዉም፣ ወንበሮቹም ደብዝዘዋል። የልጄ ቀይ ጃኬት እንኳ ቡናማ መስሏል። ወደ መሐል ሲደርሱ ወንበራቸው ከጥላው ወጣ። ጃኬቷ እሳት የነካው ያህል ቦግ አለ። የባለቤቴ መላጣም አበራ፤ ቆቡን ካምፐር ውስጥ ረስቶት ነበር።

የተምሩ ፍሬ ገና ጉንጬ ውስጥ ነው።

«አጀብ!» አልኩ። «ቀን በላን!»

«እማዬ፣ ምን ሆነ?» አለኝ ትንሹ።

«ምንም። አባትህ ፀሐይን ቀደማት።»

ፍሬውን መሐረብ ውስጥ ተፋሁት። ለእኔና ለባለቤቴ ያ ቀን ሄዷል፤ በስሕተት ቢሆንም በሌላ ቀን መፆም አለብን። ማፈር ነበረብኝ፣ ግን ወላሂ ያን ያህል አላፈርኩም። ደስ አለኝ። ትንሽ ቢገፏት የምትወድቅ የምትመስል ቀጭን ልጅ፣ እናትና አባቷ በልተው ሲጠብቋት፣ ትኩስ ሾርባ አፍንጫዋ ሥር ሲተን፣ ያየችውን አላየሁም አላለችም። እጄ ላይ ያለው ሾርባ እስኪቀዘቅዝ ቆምኩ፣ አልቀመስኩትም። ትንሹ ልጅ ግን በጃኬቴ ኪስ የያዝኩለትን ሳምቡሳ ተራ በተራ ጨረሰ።

ቶሎ አልወረዱም። ጥላው ቀስ እያለ ተራራውን ወጣ፣ ጫፉ ላይ ደረሰ፣ ጠፋ፤ የስኪው ሜዳ መብራቶች በሩ። ከዚያ እሷ መጀመሪያ፣ እሱ ከኋላዋ ወረዱ። እሱ አጠገቤ ሲደርስ እንደ ልማዱ ፎል አደረገ፣ ለመነሣትም አልቸኮለም። በረዶው ላይ እንደተቀመጠ ነገረኝ።

ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ ከሩቁ ተራራ በላይ፣ ሙሉዋን፣ ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው። ከመንገዱ ፈቀቅ ብለው በረዶው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«አውፍ በይኝ አልኳት» አለኝ።

«እሷስ ምን አለች?»

ልጅቷ መለሰች። «ኢትስ ኦኬ አልኩት። አላወቀም እኮ።»

ስትጠልቅ «አሁን» ያለችው እሷ ናት። እሱ ኪሱ ውስጥ ያለውን ተምር አውጥቶ ሰጣት። የጓንቱ ጥጥ ተጣብቆበት ነበር፤ እንደዚያው በላችው።

ካምፐሩ ውስጥ ድርቆሽ ፍርፍሩን ስሠራ ሦስቱም በአንዲት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ይስቁ ነበር። ልጄ ሾርባ ጠጥታ፣ ሁለት ሳህን ፍርፍር በልታ፣ ማንኪያውን በእጇ እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። አባቷ ማንኪያውን ቀስ ብሎ ወሰደላት። ለረጅም ጊዜ ሲያያት ቆየ፣ ምግቡም ቀዘቀዘበት።

ወሩን ጨረሰች፤ አንድም ቀን አልጎደለም። ዒድ ዕለት ባለቤቴ ነገሩን ይደብቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን ያገኘውን ሰው ሁሉ እያቆመ ራሱ ይተርካል። ሽማግሌዎቹን ሳይቀር «እርስዎ፣ ይኼን ይስሙልኝ! ቀን በልቼ ይህቺ ልጅ ያዘችኝ!» ይላቸዋል። ልጅቷ በኀፍረት ከኋላዬ ተሸጎጠች። በጣም ደስ እንዳላት ግን ቀሚሴን በጨመደደችው እጇ አውቄያለሁ።

ከሳምንት በኋላ ራት እየበላን ለባለቤቴ «ነገ ቀዷችንን እናውጣ» አልኩት።

«እኔም እፆማለሁ» አለች ልጄ።

«አንቺ ደግሞ ምን ዕዳ አለብሽ? አልጎደለሽም እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን ፀሐይዋን ማን ያይላችኋል?»

ትንሹ ልጅ የጠጣው ወተት በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ። አባቷ ግን አልሳቀም። ራሱን ነቀነቀና «እውነትሽን ነው» አላት።

በማግስቱ ማታ ከግቢያችን ጎን የቆመው ካምፐር መሰላል ላይ ወጣች። ቀይ ጃኬቷን ለብሳ፣ በአንድ እጇ የብረቱን ጫፍ ይዛ፣ በሌላው ዓይኗን ከልላ ወደ ምዕራብ፣ ከጎረቤቶቻችን ጣሪያ በላይ ታያለች። እኔና ባለቤቴ ተምራችንን በእጃችን ይዘን መሰላሉ ሥር ቆምን። ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሰዓቱ ደርሷል ይላል። የመስጊድ ቅርፅ ያለው የፕላስቲክ ሰዓታችንም ከኩሽና አዛን ማለት ጀመረ። ተምሬን ወደ አፌ ላደርግ ስል ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝ።

«ቆይ» አለኝ፣ ዓይኑን ከልጁ ላይ ሳያነሣ። «ገና አላለችም።»